እንግጫን ከሣር፣ እንግጫን ከእንግጫ መለየት፦ ከጅማ የበቆሎ ማሳ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት 22

ማሳው ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አፈሩ ቀይ፣ ሲረጥብ እጅና ዶማ ላይ የሚጣበቅ ነው። በቆሎው ከበቀለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በመስመሮቹ መካከል ቀጭንና አብረቅራቂ ቅጠል ያለው አረም ምንጣፍ ሆኖ ወጥቷል። ከአሥር ቀን በፊት ተኮትኩቶ ነበር፤ አሁን ከበፊቱ በዝቶ ተመልሷል። በአካባቢው ሁሉም «ሣር» ይለዋል፣ የሚታረመውም እንደ ሣር ነው።

የሥራው ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ አረም በእርግጥ ሣር ነው? ካልሆነስ የትኛው ነው? መልሱ ከተገኘ ኩትኳቶ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያባብስ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ፣ ገንዘብ የት እንደሚባክን አብሮ ይታወቃል።

ሣርን ከእንግጫ ለመለየት የመጀመሪያው ፈተና ግንዱ ነው። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ማሽከርከር ይበቃል። የሣር ግንድ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ አንጓ አለው፣ በአንጓዎቹ መካከልም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው። የእንግጫ ግንድ ግን ሦስት ማዕዘን አለው፤ አንጓ የለውም፣ ውስጡም ድፍን ነው። ለቡና የሚጎዘጎዝ ቀጤማ በእጁ የያዘ ሰው ይህን ማዕዘን በጣቱ ያውቀዋል። ቀጤማም የእንግጫ ዘመድ ነውና።

እዚህ ማሳ ላይ ያለው ችግር ግን አረሙ ገና ልጅ ስለሆነ ግንድ አለማውጣቱ ነው። ግንድ የሚመስለው ነገር ተጠቅልለው የቆሙ ቅጠሎች ናቸው። እሱን ይዞ እያሽከረከረ «ክብ ነው፣ ስለዚህ ሣር ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ግንድ በሌለበት ጊዜ ከላይ ቁልቁል ማየት ይሻላል። የሣር ቅጠሎች በሁለት አቅጣጫ ብቻ ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ። የእንግጫ ቅጠሎች እንደ ሦስት ጉልቻ በሦስት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ከዚያ በውጭ በኩል ያለውን ቅጠል ይዞ ወደ ታች መላጥ ነው። ሣር ሲሆን ግንዱን ያቀፈው የቅጠሉ ክፍል በአንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ እንደ ጋቢ ይገለጣል። እንግጫ ሲሆን ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ካልተቀደደ አይከፈትም።

ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ እያቋረጥን በየአሥር እርምጃው አንድ፣ በጠቅላላው 20 ተክል አነሣን። 18ቱ ባለ ሦስት አቅጣጫና ዝግ ቱቦ፣ ማለትም እንግጫ ናቸው። ሁለቱ ሰርዶ ሆኑ። ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፣ ቅጠሉ ከእቅፉ በሚገናኝበት ቦታም የአጭር ፀጉር መስመር አለው። ሁለቱም ሰርዶዎች የተገኙት ድንበሩ ላይ ነው። ናሙና ከማሳው ዳር ብቻ ቢነሣ ኖሮ ማሳው በሙሉ «ሰርዶ የወረሰው» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ዳር ላይ ያለው አረም ከመንገዱና ከግጦሹ የመጣ እንጂ የማሳው እውነተኛ መልክ አይደለምና ናሙና ሲነሣ ወደ ውስጥ መግባት ግዴታ ነው።

ግንቦት 25

እንግጫ መሆኑ ከታወቀ የቀረው የትኛው እንግጫ ነው የሚለው ነው። እንግጫ የሚለው ስም ሰፊ ነው። በጎጃም በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች የሚነቅሉትም እንግጫ ይባላል፣ ረግረግ ላይ የሚበቅለውም እንዲሁ። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሌላ አገር ላለ እንግጫ የተሰጠ ምክር እዚህ ይሠራል ማለት አይቻልም። መልሱ ያለው ከአፈር በታች ነው።

መንቀል አይረዳም። እንግጫ ሲነቀል ቅጠሉና ከሥሩ ያለች ትንሽ እብጠት ብቻ ይመጣሉ። ከእብጠቷ ወደ ጎን የሚሄደው ቀጭን ክር እዚያው ይበጠስና የሥር ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል። «ነቀልነው፣ ሥሩ ባዶ ነው» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀይ አፈር ሲደርቅ ክሩ ይበልጥ ይበጠሳል፤ በጣም ሲረጥብ ደግሞ ጭቃው ፍሬዎቹን ይደብቃል። ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ተጣብቆ ሲነካ ግን የሚፈረፈርበት ሰዓት ጥሩ ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ እያንዳንዳቸው 50 ሳ.ሜ.፣ ጫፍና ጫፋቸው ታስሮ ካሬ ተሠራ። ካሬው በሦስት ቦታ ተጣለ፦ ከላይ ተዳፋቱ ላይ፣ መሐል ላይ፣ ከታች ውኃ የሚሄድበት ቦይ አጠገብ። በካሬው ውስጥ ከመሬት የወጣው ቀንበጥ ተቆጠረ፦ 41፣ 63፣ 35። ሦስት ካሬ ስለ ሙሉ ማሳው አይናገርም፤ ይህ ቁጥር የሚጠቅመው ቦታውን ከራሱ ጋር ወደፊት ለማነጻጸር ነው። ስለዚህ በየጥጉ ችካል ተተከለ።

ከእያንዳንዱ ካሬ አጠገብ፣ ካሬውን ሳይነካ፣ አምስት ተክል ተመርጦ ተቆፈረ። ከተክሉ 20 ሳ.ሜ. ርቆ ዙሪያውን በአካፋ መቁረጥ፣ 30 ሳ.ሜ. መውረድ፣ ጓሉን ሳይሰበር አንሥቶ ባልዲ ውኃ ውስጥ ማስገባት። ባልዲው ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ ጓሉን ሳይጨምቁ በውኃው ውስጥ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ፤ ቀይ አፈር ታግሠው ካዩት ራሱ ይለቅቃል። የመጀመሪያው ጓል በጥድፊያ በእጅ ስለተፈረከሰ ክሮቹ ሁሉ ተበጣጥሰው ለምንም አልሆነም፤ በሌላ ተተካ። የታጠበው በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ወንፊት ላይ የቀረው ተለቀመ። የወንፊቱ ቀዳዳ 5 ሚ.ሜ. ነው።

የላይኛውና የመሐሉ ካሬ አንድ ዓይነት ነገር ሰጡ። ከእብጠቷ የወጣው ክር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬ ይሠራል፣ ከዚያ ፍሬ ሌላ ክር ወጥቶ ሁለተኛ ፍሬ ይሠራል፤ እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ይቀጥላል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ሰባት ፍሬ የነበረው አለ። ፍሬዎቹ ከ1 እስከ 2.5 ሳ.ሜ.፣ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ፣ የቆዩት ጥቁር ቡኒ፣ አዲሶቹ ነጭ ናቸው። አብዛኞቹ ከላይኛው 15 ሳ.ሜ. ውስጥ ተገኙ።

የታችኛው ካሬ ግን ተለየ። ክሩ ረዘም ይላል፤ ጫፉ ላይ አንዲት ክብ ፍሬ ብቻ ይዞ ያበቃል። ከፍሬዋ ወዲያ የሚቀጥል ክር የለም። ቅጠሉም ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ማሳው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት እንግጫ ሳይኖር አይቀርም።

ግንቦት 26

የትናንቱ ፍሬዎች ደርቀው ሳይበላሹ ተፈተሹ። ከሰንሰለት የወጡት በምላጭ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ነጭ፣ ሲደቆሱ ጠንከር ያለ መድኃኒት መሰል ሽታ ያላቸው፣ ቃጫ የሚበዛባቸው ናቸው። ነጠላዎቹ ለስላሳ ልጣጭ አላቸው፣ ሽታቸውም ለውዝ ለውዝ ይላል። በቅምሻ መለየትም ይቻላል፤ ሰንሰለታሙ ይመርራል፣ ነጠላው ይጣፍጣል። ነገር ግን መድኃኒት ተረጭቶበት የሚያውቅ ማሳ ላይ ከተገኘ ፍሬውን አፍ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ክሩ ብቻውን በቂ ምስክር ነው።

የቅጠል ጫፍም ተነጻጸረ። ሰንሰለታሙ ቅጠሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ስፋቱን ይዞ ጫፉ ላይ ድንገት ይሾላል። ነጠላው ከሩቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀጠነ እንደ መርፌ ይረዝማል። ይህን ለማየት በመንጋ ወይም በዶማ ያልተቆረጠ ቅጠል መምረጥ ያስፈልጋል፤ ጫፉ የተቀደደ ቅጠል ሁለቱንም ሊመስል ይችላል።

ጊዜያዊ ሳይንሳዊ ስም፦ ሰንሰለታሙ ሳይፐረስ ሮተንደስ፣ ነጠላው ሳይፐረስ ኤስኩሌንተስ። ሁለቱንም ስሞች የሰጠው ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ ነው፣ በ1753 እ.ኤ.አ.። በዚህ ማስታወሻ ከአሁን ወዲያ የመጀመሪያው «ሐምራዊ እንግጫ»፣ ሁለተኛው «ቢጫ እንግጫ» ይባላሉ፤ ምክንያቱ ሲያብቡ ይታያል። አበባ እስኪታይ ድረስ ስሙ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም። እርሳስ ሌላም ጥቅም አለው፤ መለያ ወረቀት ዝናብ ሲነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይታጠባል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ይቆያል። በእያንዳንዱ መለያ ላይ ቀን፣ ካሬ ቁጥር፣ ጥልቀትና ገበሬው በአፋን ኦሮሞ የሚጠራበት ስም ሰፈረ።

ሰኔ 4

ሰንሰለቱ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ሲቀር ጫፍ ላይ ያለው ቀድሞ ይበቅልና የቀሩትን እንዲያንቀላፉ ያደርጋቸዋል። ከተቆራረጠ ግን ያ ገዢ ይጠፋና እያንዳንዱ ፍሬ ለራሱ ይበቅላል። ይህን በጆንያ አፈር በዓይን ማየት ስለሚቻል ዘጠኝ የፕላስቲክ ማሰሮ ተዘጋጀ፣ እያንዳንዱ አፉ 20 ሳ.ሜ.።

በሦስቱ ማሰሮዎች ውስጥ ያልተቆረጠ ባለ አምስት ፍሬ ሰንሰለት፣ በሦስቱ ከሰንሰለት ተቆርጠው የተለያዩ አምስት አምስት ፍሬ፣ በቀሩት ሦስት የቢጫ እንግጫ አምስት አምስት ነጠላ ፍሬ ተተከለ። ጥልቀቱ 3 ሳ.ሜ. ነው። አዲሶቹና ነጫጮቹ ፍሬዎች አልተመረጡም፤ ገና ስላልበሰሉ ይበሰብሳሉ። አፈሩ የመጣው ከዚያው ማሳ ሳይሆን ከጥቅጥቅ ጥላ ሥር ነው፣ በወንፊትም ተነፍቷል። የማሳው አፈር ቢሞላ ኖሮ የበቀለው ከተተከለው ይሁን ከአፈሩ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ሰኔ 8

ዛሬ ማሳው ላይ ሽልሻሎ ተደረገ። ማረሻው በመስመሮቹ መካከል ሲያልፍ በዙሪያው ያለው አረም ተገልብጦ ከሰዓት ሲጠወልግ ታየ። ለዓይን ደስ ይላል። ከማረሻው ጀርባ ተከትለን ስንለቅም ግን የተበጣጠሱ ሰንሰለቶች በየቦታው ተበትነዋል፣ አንዳንዶቹም በማረሻው ተጎትተው ከነበሩበት ርቀው ወርደዋል። ከማሳው ሲወጣ ማረሻው ላይ የተጣበቀው ጭቃ ሲፈረፈር ውስጡ ሦስት ፍሬ ነበረው። ያው ማረሻ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። ጭቃውን እዚያው ድንበር ላይ በእንጨት መፋቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሽልሻሎ ለበቆሎው ሥር አየርና አፈር ይሰጣል፣ ዝናብም ያስገባል፤ ይህ ጥቅሙ እውነት ነው። በሌሎች አረሞች ላይም ይሠራል። ሐምራዊ እንግጫ ባለበት ማሳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጎ መተው ግን ፍሬውን ቆራርጦ እንደመዝራት ነው። ከተደረገ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አዲሱ ቀንበጥ አዲስ ፍሬ ሳይሠራ፣ መመለስ ያስፈልጋል። እንግጫ ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ፍሬ መሥራት ስለሚጀምር ከዚያ የዘገየ ኩትኳቶ ቅጠል ብቻ ያጭዳል።

ሰኔ 20

የማሰሮዎቹ ውጤት በ16ኛው ቀን። ያልተቆረጠው ሰንሰለት፦ ከአምስቱ 2፣ 1፣ 2 በቀሉ። የተቆረጠው፦ 5፣ 4፣ 4። ቢጫ እንግጫ፦ 3፣ 4፣ 3።

ስንቆጥር አንድ ስሕተት ተፈጥሮ ነበር። ከአንድ ፍሬ ሁለት ቀንበጥ ሊወጣ ስለሚችል ቀንበጡን ከላይ መቁጠር ፍሬውን ያበዛዋል። መጀመሪያ በአንዱ ማሰሮ ስድስት ተመዘገበ፤ የተተከለው ግን አምስት ነው። ሁሉም ማሰሮ ተገልብጦ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ፍሬ በፍሬ እንደገና ተቆጠረ። ከላይ ያለው ቁጥር የታረመው ነው።

ሰኔ 29

ካሬዎቹ እንደገና ተቆጠሩ፦ 58፣ 97፣ 40። መሐለኛው ካሬ ሽልሻሎ በደንብ የነካው ነው፤ ከሁሉም በላይ የጨመረውም እሱ ነው። የታችኛው ቢጫ እንግጫ ያለበት ብዙ አልተለወጠም። በጥንቃቄ ይነበብ፤ ዝናብም በመሐል አለ።

አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ታየ። በቆሎው ጥቅጥቅ ብሎ ጥላ በሠራበት መስመር ላይ እንግጫው ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ወዙን አጥቷል። በቆሎ ሳይበቅል ባዶ በቀረበት ቦታ ግን ወፍራም ነው። እንግጫ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ አይችልም። ጥላው በተዘጋ የቡና ማሳ ውስጥ ሐምራዊ እንግጫ የማይቸግረውም፣ ቡና በተጎነደለ ማግሥት የሚወርረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያልበቀለ የበቆሎ ጉድጓድ ቶሎ መተካት፣ ወይም በመሐሉ ቦሎቄ መዝራት፣ አረሙን ከማረም ያልተናነሰ ሥራ ነው።

ሐምሌ 6

አበባ ተገኘ። ሁሉም የተገኘው ጥላ በሌለበት ቦታ፣ በተለይ በማሳው ዳርና ባዶ በቀሩ ጉድጓዶች ላይ ነው። አሁን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ግንድ በግልጽ ቆሟል።

የሐምራዊው አበባ ራስ ቀይ ቡኒ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ከራሱ ሥር የሚወጡት ቅጠሎች ከአበባው ራስ ጋር እኩል ወይም አጠር ያሉ ናቸው። የቢጫው ራስ የገለባ ቀለም፣ ሲበስል ወርቃማ ቡኒ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ከአበባው በላይ ረዝመው ይወጣሉ። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ሲታይ በሁለቱም ላይ የሴቴው ክፍል ጫፍ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አበባው ገና ባልበሰለ ጊዜ የሐምራዊውም ቀለም ፈዘዝ ስለሚል በቀለም ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ቀለም፣ ከራሱ ሥር ያሉት ቅጠሎች ርዝመትና የምድሩ ክር ሦስቱም መስማማት አለባቸው። እዚህ በሁለቱም ላይ ተስማምተዋል። ስሙ በእስክሪብቶ ተጻፈ።

በማሳው መግቢያ መንገድ ላይ፣ የሰውና የከብት እግር በሚረግጠው ቦታ፣ ሦስተኛ ተክል ተገኘ። ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ አበባው ግን ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ትንሽ ክብ ራስ ነው፣ ነጣ ያለ። ሲቆፈር ወደ ጎን የሚሳብ ሥር እንጂ የሥር ፍሬ የለውም። ይህ የእንግጫ ዘመድ የሆነው ኪሊንጋ ነው። መንገድ ላይ አይቶ «ይሄም ያው እንግጫ ነው» ብሎ ማሳውን በዚህ መፍረድ ቀላል ስሕተት ነው፤ ፍሬ ስለሌለው በዶማ በደንብ ከተላጠ ይወገዳል።

የመሐለኛው ካሬ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ አራት ተክሎች ግንድ አላቸው፣ አበባ ግን የላቸውም። ፍሬያቸው ነጠላ ቢመስልም ክሩ ተበጥሷልና ሰንሰለት ነበረው ወይስ አልነበረውም ማለት አይቻልም። የተመዘገበው፦ «እንግጫ፣ ዓይነቱ ያልተለየ»። ለመዝገቡ ሙላት ሲባል መገመት የመዝገቡን ዋጋ ይጥለዋል።

ሐምሌ 13

የናሙና ማድረቅ ችግር። ሐምሌ 6 የተነቀሉት ተክሎች ከነፍሬያቸው ታጥበው፣ በጋዜጣ መካከል ተዘርግተው፣ በሁለት ጣውላና በድንጋይ ተጭነው ነበር። በጅማ ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በአራተኛው ቀን ፍሬዎቹ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣ። ቅጠሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው ውኃ የሚይዘው ፍሬ ነው።

አዲሱ አሠራር፦ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቆ መጫን፤ ጋዜጣውን በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ መቀየር፤ እርጥቡን ጋዜጣ ምድጃ አጠገብ አድርቆ መልሶ መጠቀም። ከሰንሰለቱ ቢያንስ ሦስት ፍሬ ከነክሩ ካልታየ ናሙናው ዋጋ የለውም። ረዥም ግንድ ከወረቀቱ ካለፈ ቅርጹ እንደ ጠ ሳይሆን እንደ ሰ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። የዳግም ማረጋገጫ ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) የሚላከው ሲደርቅ ብቻ ነው፤ እርጥብ ናሙና በመንገድ ይበሰብሳል። ጅማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ቅርብ ናቸው።

ነሐሴ 3

መለየቱ በመድኃኒት ምርጫ ላይ የሚያመጣው ልዩነት እዚህ ላይ በዝርዝር ይጻፍ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሣርን ብቻ የሚገድሉ መድኃኒቶች አሉ፣ በቡናና በሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ሰብሎች መካከል የሚረጩ። እንግጫ ሣር ስላልሆነ አይነኩትም። «መድኃኒቱ ተበርዟል» ከማለት በፊት አረሙ ሣር መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባለው የአረም መድኃኒት የእንግጫውን ቅጠል ለጊዜው ያቃጥላል፤ የሥር ፍሬው ግን ይተርፍና ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። በተጨማሪም ነፋስ ወስዶ አጠገብ ያለ ቡና ላይ ካደረሰው ቡናውን ያጎሳቁለዋል። አትራዚን የሚባለው የአረም መድኃኒትም ለሁለቱም እንግጫዎች ደካማ ነው።

ሁለቱን እንግጫዎች የሚለያያቸው ኤስ-ሜቶላክሎር ነው። በቆሎ ከመብቀሉ በፊት አፈር ላይ የሚረጭ ሲሆን ቢጫ እንግጫን በደንብ ያዳክማል፣ ሐምራዊውን ግን አይችለውም። በዚህ ማሳ ላይ ቢረጭ ከታች ቦይ አጠገብ ለውጥ ይታይ ነበር፣ ላይና መሐል ምንም። ለሁለት ጎረቤታሞች አንድ መድኃኒት አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ ሳይሠራ ሲቀር መጀመሪያ መቆፈርና ክሩን ማየት ያስፈልጋል።

ግላይፎሴት ሁለቱንም ይገድላል፤ ከቅጠል ወደ ፍሬ ይወርዳልና። ሆኖም በቆሎንም ስለሚገድል ሰብል ባለበት አይረጭም። ጊዜው ከመዝሪያ በፊት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንግጫውን ያብቅለው፣ ቅጠሉ 15 ሳ.ሜ. እስኪሆን ይጠበቅ፣ ዝናብ ለስድስት ሰዓት በማይመጣበት ቀን ይረጭ፣ ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ማሳው አይታረስ። ቶሎ ከታረሰ መድኃኒቱ ፍሬው ሳይደርስ ቅጠሉ ይቆረጣል። ተኝቶ የቆየ፣ ቅጠል ያላወጣ ፍሬ ምንም አይደርስበትም፤ ስለዚህ በአንድ ርጭት አያልቅም። ሰንሰለቱ የተቆራረጠበት ማሳ ላይ ብዙ ፍሬ ቀንበጥ ስላወጣ መድኃኒቱ የሚደርስበት ፍሬ ይበዛል፤ መጀመሪያ አርሶ፣ አብቅሎ፣ ከዚያ መርጨት የሚመከረው ለዚህ ነው። መጠኑ በመያዣው ላይ የተጻፈው ነው። ጓንት፣ ረዥም ቦቲና የአፍ መሸፈኛ ሳይኖር ፓምፕ አይታዘልም።

ታኅሣሥ 2

በቆሎው ተሰብስቧል፣ መሬቱ ደርቋል። እንግጫን በጉልበት ለማጥቃት የተሻለው ወቅት ይህ ነው። በክረምት የተገለበጠ ፍሬ እርጥብ አፈር ላይ ተመልሶ ሥር ይሰዳል፤ አሁን ግን ፀሐይ አለ።

ከመሐለኛው ካሬ አካባቢ የተቆፈሩ ፍሬዎች በሦስት ተከፈሉ፣ 20 በ20። አንደኛው ክፍል ታጥቦ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ተደረገ። ሁለተኛው ፀሐይ ላይ ግን ከነጓሉ ተተወ። ሦስተኛው ጎተራ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በ14ኛው ቀን ሁሉም ማሰሮ ውስጥ ይተከላሉ።

እግረ መንገዱን የቡና ችግኝ ጣቢያ አፈር ተነሣ። በወንፊት 5 ሚ.ሜ. ከተነፋው አፈር አንድ ሳህን ሞልቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍኖ ሞቅ ባለ ቦታ ለሦስት ሳምንት ማቆየት። አፈሩ ከእንግጫ ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከ5 ሚ.ሜ. ያነሱ የቢጫ እንግጫ ፍሬዎች ወንፊቱን ያልፋሉና ማጥለሉ ብቻውን አያስተማምንም። የችግኝ ከረጢት ውስጥ አንድ ፍሬ ከገባ ቀንበጡ የከረጢቱን ፕላስቲክ ሳይቀር ወግቶ ይወጣል፤ ችግኙ ሲተከልም እንግጫው አብሮ ይተከላል። ከበቆሎና ከድንች ማሳ የተነሣ የላይ አፈር ለችግኝ ጣቢያ ባይወሰድ ይመረጣል።

ጥር 6

ሁሉም ማሰሮ ተገልብጦ ተቆጠረ። ታጥበው ፀሐይ ላይ የዋሉት፦ አንድም አልበቀለም፣ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ተጨማድዶ ቡኒ ሆኗል። ከነጓላቸው የቆዩት፦ 20 ውስጥ 9 በቀሉ። ጎተራ ውስጥ የነበሩት፦ 16። ጓሉ ሳይፈረከስ በፀሐይ ላይ መተው እንግጫን አይገድልም፤ ካረሱ በኋላ ጓሉን መስበር፣ ፍሬውን ወደ ላይ ማውጣት፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል። የተለቀመው ፍሬ ወደ ኮምፖስት ወይም ወደ ፍግ ጉድጓድ አይገባም፤ ክምሩ በደንብ ካልሞቀ ከነሕይወቱ ማሳ ይመለሳል። ደርቆ ይቃጠላል።

የችግኝ ጣቢያው ሳህን ላይ በ19ኛው ቀን አንድ ቀንበጥ ወጥቷል፣ ቅጠሉ በሦስት አቅጣጫ። ተቆፍሮ ሲታይ ፍሬው ነጠላ፣ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነው፤ ቢጫ እንግጫ። ያ የአፈር ክምር ለከረጢት መሙያ አይውልም፣ ለጥላ ዛፍ ጉድጓድ መድፈኛም ቢሆን አይወጣም።

የመሐለኛው ካሬ ጥግ «ዓይነቱ ያልተለየ» እንደተባለ ነው። ችካሉ አልተነቀለም። ዝናቡ ሲመለስና ቅጠሉ አንድ ስንዝር ሲሞላ 20 ሳ.ሜ. ርቆ፣ 30 ሳ.ሜ. ወርዶ፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆይቶ እንደገና ይታያል።